ስለ ውሻና ስለ ቀይ ቀበሮ

ሰው በምድር ላይ ከሰው ጋራ ብቻ አይኖርም። ከደጁ ውሻ፤ ከምድጃው አጠገብ ድመት፤ ከጣራው ላይ ርግብ፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማያውቃቸው ብዙ አራዊትና አዕዋፍ ይኖራሉ። ከእነዚህም ጐረቤቶቹ ሰው ሁለት ዐይነት ደስታ ያገኛል። አንደኛው የእጅ ደስታ ነው፤ ይኸውም አብልቶና አጠጥቶ ያሳደገው እንስሳ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው የዐይን ደስታ ነው፤ ይኸውም ሳይነኩና ሳያስሩ ከሩቅ ሆኖ የዱር አውሬን ኑሮ በመመልከት የሚገኝ ነው። ሁለቱም ደስታዎች የየራሳቸው ኀዘን አላቸው። ደስታውን ፈልጎ ከኀዘኑና ከድካሙ የሚሸሽ ሰው ግን ሁለቱንም ያበላሻል።

ከቤት እንስሶች ሁሉ አስቀድሞ ከሰው ጋራ የተወዳጀ ውሻ ነው። ዘሩ ከተኵላ ወገን ነው። ስንዴና ገብስ ገና ሳይዘሩ፤ በሬና በግ ገና ለሰው ሳይገዙ፤ ውሻ ከአዳኞች ጋራ ይኖር እንደ ነበረ ሊቃውንት ከመሬት የወጣውን አጥንት መርምረው ተረድተዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት አንዳንድ ጊዜ ሰውን ለመንቀፍ ይነገራል፤ በውሻው በኩል ሲታሰብ ግን ምስጋና ነው። ጥቂት ፍርፋሪና አጥንት ተቀብሎ ሌሊቱን ሙሉ በዝናብና በብርድ ቤት የሚጠብቅ፤ ጅብ ሲመጣ ከራሱ ሕይወት ይልቅ የጌታውን በጎች የሚያስብ፤ እንዲህ ያለ ሎሌ በደመወዝ አይገኝም።

ቡችላ የተሰጠው ሕፃን መዠመሪያ የሚያገኘው ደስታን ነው። ቡችላው ጅራቱን እየቈላ ይከተለዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሮጦ ይቀበለዋል፤ ሲያዝንም አጠገቡ ይተኛል። ጥቂት ቈይቶ ግን ሕፃኑ ሥራን ይማራል። ቡችላ በበዓል ቀንም ይርበዋልና፤ ጌታው ጨዋታ ባማረው ሰዓትም ይጠማዋልና፤ ቍንጫ ሲበላው ራሱን ማጠብ አይችልምና። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ መውደድ ማለት መጫወት ብቻ እንዳይደለ ያውቃል። ድመትም እንደዚሁ ናት። ጐተራውን ከአይጥ ስለምትጠብቅ ብዙ ሰው ምግብ ሳይሰጣት ራሷን ችላ ትኖራለች ይላል፤ ነገር ግን የጠገበች ድመትም አይጥ ማደንን አትተውም፤ የተራበችው ግን ቤቱን ትታ ትሄዳለች።

ከዚህ በኋላ ኀዘኑ ይመጣል። የውሻ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ጋራ ሲመዘን አጭር ነው፤ በደኅና ቢያዝ 10 ወይም 12 ዓመት ያህል ይኖራል። በ6 ዓመቱ ቡችላ የተቀበለ ሕፃን ጐልማሳ በሆነ ጊዜ ውሻው አርጅቶ አፈ ሙዙ ይሸብታል፤ ዐይኑ ይፈዛል፤ እንደ ድሮው ሮጦ መቀበል ያቅተዋል። አንድ ቀን ማለዳም ሲጠራ ሳይመጣ ይቀራል። «ውሻ ነውና ስለ ምን ይለቀሳል» ብለው የሚያፌዙ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ግን ልክ አይደሉም። ለታማኝ ፍጥረት ማዘን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረውስ ያረጀውን ውሻ በድንጋይ ማባረር፤ ቡችሎችን በመንገድ ዳር መጣል፤ እንስሳን በፀሓይ አስሮ ውሃ መንሣት ነው።

የዐይን ደስታ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ያለውን የጓሳ ሜዳ ማየት ይበቃል። ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፤ ጓሳ በሚባለው ረዥም ሣር የተሸፈነ ደጋ ነው። የአገሩ ሰዎች በሣሩ ቤታቸውን ይከድኑበታል፤ ገመድም ይገምዱበታል። አባቶቻቸው ከ17ኛው ምእት ዓመት ዠምሮ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት አቁመው ሜዳውን ለጥቂት ዓመታት ዘግተው፤ ሣሩ በበቃ ጊዜ በአንድነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። በፈረንጆች ቍጥር በ1975 የመሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ፈርሶ ነበር፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ዐዲስ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሣሩ ስለ ተጠበቀ በሣሩ ውስጥ የሚኖሩትም ተጠበቁ።

በዚያ ሜዳ ማለዳ ተነሥቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ፀሓይ ስትወጣ ሌሊቱን በገደል አፋፍ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። እንደ ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ፍሬ ሲፈልግ ከዛፍ ወደ ዛፍ አይዘልም፤ ተቀምጦ ሣር በእጁ እየነጨ ይበላል። የወንዱ ጐፈር እንደ ካባ በትከሻው ላይ ይወርዳል፤ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት አለው። ከላይ ደግሞ ጢም ያለው ታላቅ አሞራ ይዞራል፤ ይህም አሞራ አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና በዐለት ላይ ጥሎ ይሰብረዋል፤ ወርዶም ቅልጥሙን ይበላል።

ከሁሉ ይልቅ ዕድል የቀናው ተመልካች የሚያየው ቀይ ቀበሮን ነው። ጠጕሩ ቀይ፤ ጕረሮውና ደረቱ ነጭ፤ የጅራቱ ጫፍ ጥቍር፤ እግሩና አፈ ሙዙ ረዥም ነው። ቀበሮ ተባለ እንጂ ዘመድነቱ ለተኵላ ይቀርባል። የሚኖረውም በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ብቻ ነው። በባሌ ያለው የኦሮሞ ሕዝብ «ጀዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮዎች በማኅበር ይኖራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል። ምግባቸው በብዛት አይጥ ነው፤ በባሌ ደግሞ በዚያ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ያድናሉ። በአንድ ማኅበር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ናት፤ የቀሩት ግን ያልወለዷቸውን ግልገሎች ይጠብቃሉ፤ ምግብም ያመጡላቸዋል። በማለዳና በማታ ተሰብስበው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ የአገራቸውንም ወሰን በአንድነት እየዞሩ ይጐበኛሉ።

በጓሳ ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ይመላለሳል፤ ግልገሎቻቸውንም አይነካም። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ይህን የመረመሩ ሊቃውንት በፈረንጆች ቍጥር በ2015 እንደ ጻፉት፤ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከ3 ሙከራ በ2ቱ ያህል አይጥ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 ሙከራ በ1ዱ ብቻ ይቀናዋል። ለጊዜያዊ ጥቅም አንዱን ግልገል ቢነጥቅ ይህ ሁሉ ሰላም በአንድ ቀን ይጠፋበት ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት የሚፈልግ ሰው ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት አለ። ዝም ማለት፤ ነፋሱ ከአውሬው ወደ ራሱ በሚነፍስበት በኩል መቀመጥ፤ ከጕድጓዱና ከጐጆው መራቅ፤ ምግብ አለመወርወር፤ ግልገሉን አለመንካት ነው። ምግብ የለመደ አውሬ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ በኋላም ሰብል ሲያበላሽ ይገደላል። የዱር ግልገልንም ወስዶ በቤት ማሳደግ በጎ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ግልገሉ ለብዙ ጊዜ ከወገኖቹ ከተለየ አደኑን አይማርም፤ በቤትም ዕረፍት አያገኝም። የዱር አውሬ ባለቤት የለውም። ሲሄድ «ተመለስ» አይባልም። የዐይን ደስታ ኀዘኑ ይህ ነው፤ ዛሬ የታየው ነገ ላይታይ ይችላል።

ብዙ ሰዎች የእጅ ደስታና የዐይን ደስታ የማይገናኙ ይመስላቸዋል። ውሻ የመንደር ነው፤ ቀይ ቀበሮ የተራራ ነው ይላሉ። ነገር ግን በመንደርና በተራራ መካከል ግንብ የለም። እረኛው ከብቱን ይዞ ወደ ደጋው ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። ውሻውም በሜዳው ላይ የሞተ ከብት ባገኘ ጊዜ ቀይ ቀበሮው ወደዚያው ይመጣል፤ ይጣላሉ፤ ይነካከሳሉም። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ከሆነ በዚያች ቅጽበት በሽታው ወደ ተራራው ይገባል። የቀይ ቀበሮዎች ሰላምታና መተባበር ያን ጊዜ ጥፋት ይሆንባቸዋል፤ አንዱ የታመመ ቀበሮ መላ ማኅበሩን ያስታምማልና።

ይህ በባሌ ተራሮች የሆነ ነገር ነው። በፈረንጆች ቍጥር በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገደለ። እንደ ገና በ2003 ተነሥቶ እስከ 2004 ድረስ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከ4 እጅ 3ቱን ያህል አጠፋ። በኋላም በ2008 እና በ2009፤ ደግሞም በ2014 ተመለሰ። ባሌ ከግማሽ የሚበልጡት ቀይ ቀበሮዎች የሚኖሩበት ስፍራ ነው፤ በመላው ዓለምም ያሉት ጐልማሶች ቍጥር 500 አይሞላም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞት እንደ ትንሽ ነገር የሚቈጠር አይደለም። በ2018 ጠባቂዎች ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ እየሸሸጉ ቀበሮዎቹ በሚያልፉበት ማስቀመጥ ዠመሩ። ነገር ግን በሽታው የሚመጣው ከውሻ ስለ ሆነ የመድኃኒቱ ሥር ያለው በመንደር ነው።

ፍቅር ያለ ዕውቀት ምን እንደሚያደርስ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ የደጋ መንደር የሚኖር አንድ እረኛ ልጅ «አንበሴ» የሚባል ውሻ ነበረው። ልጁና ውሻው ከቶ አይለያዩም ነበር። አንድ ቀን የከብት ሐኪም መጥቶ የመንደሩ ውሾች ሁሉ እንዲከተቡ በሜዳው እንዲሰበሰቡ ተነገረ። ልጁም በጐረቤት ውሻ ላይ መርፌው ሲወጋ፤ ውሻውም ሲጮኽ አየና አዘነ። ሮጦ ሄዶ አንበሴን ከገደሉ በታች በዋሻ ውስጥ አሰረው። ሐኪሙም ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ መንደር ሄደ። ማታ ልጁ ውሻውን ፈትቶ አቀፈው፤ ከክፉ ነገር ያዳነውም መሰለው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ አንድ ውሻ በሌሊት ወደ በረቱ ገባ። አንበሴም እንደ ልማዱ ተጋደለና አባረረው፤ ጆሮው ግን ተነከሰ። ቍስሉ ቶሎ ዳነ፤ ሰውም ረሳው። ወር ካለፈ በኋላ አንበሴ ምግብ ተወ። ጩኸቱ ተለወጠ፤ ምራቁ ይዝረበረብ ዠመር፤ ስሙ ሲጠራም እንደ ባዕድ ያይ ነበር። ልጁ የታመመ መስሎት ውሃ ሊያጠጣው እጁን ዘረጋ፤ ያን ጊዜ የሚወደው ውሻ እጁን ነከሰው። ወዲያውም ገመዱን በጥሶ ወደ ሣሩ ሜዳ ሮጠ። የመንደሩ ሰዎች ተከትለው በማግስቱ ገደሉት። በዚያች ሌሊት በሜዳው ላይ ማንን እንዳገኘ፤ ማንንም እንደ ነከሰ የሚያውቅ አልነበረም።

አባቱ ግን ቀኑን እስኪመሽ አልጠበቁም። የልጁን እጅ በብዙ ውሃና በሳሙና አጥበው በበቅሎ አስቀምጠው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። በመንገድም ልጁ አለቀሰና «አባባ፤ መርፌው ያመዋል ብዬ አንበሴን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አላቸው። አባቱም ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፤ እኔም በዚያ ቀን ውሻችን የት አለ ብዬ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አሁን ግን አንተ መርፌውን ሳትሸሽ ትወጋለህ» አሉት። ልጁም የታዘዘለትን መርፌ ሁሉ በየቀጠሮው ተወግቶ በሕይወት ተረፈ። በማግሥቱ ዓመት ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ በሜዳው ከሁሉ ቀድሞ የቆመው ይኸው ልጅ ነበር፤ በእጁም የዐዲስ ቡችላ ገመድ ይዞ ነበር። መርፌው ሲወጋ ቡችላው ጮኸ፤ ልጁም ፊቱን ሳያዞር ራሱን ዳበሰው።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ፤ ይልቁንም በንክሻ ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ግን መድኃኒት አለው። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በፈረንጆች ቍጥር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት እንዲድን ካደረገ ወዲህ ይህ ይታወቃል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቍስሉ ትንሽ ነው ብሎ አይናቅ። የነከሰውን ውሻ ሁኔታም ለሐኪሙ በእውነት ይናገር።

ሰዎችን ከሚገድለው ከዚህ በሽታ ከ100 እጅ 99ኙ ከውሻ የሚመጣ ነው። ነገር ግን በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከ100 እጅ 70ው ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቈረጣል። ይህም ማለት አንድ ሰው ውሻውን ሲያስከትብ የሚጠብቀው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም። የጐረቤቱን ሕፃን፤ የመንደሩን ላምና አህያ፤ ከዚያም ዐልፎ አይቶት የማያውቀውን በተራራ ጕድጓድ ውስጥ ያለውን የቀይ ቀበሮ ግልገል ይጠብቃል። ውሻውን ሌሊት ማሰር፤ ማብላት፤ ያለ ጥቅም ወደ ሜዳ እንዳይዞር መከልከልም ከዚሁ ጋራ የሚሄድ ነው። የተራበ ውሻ የዱር አዳኝ ይሆናልና።

የባሌ ተራሮች በፈረንጆች ቍጥር በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ክብሩ ለአገር ሁሉ ነው፤ ጥበቃው ግን በመዝገብ አይፈጸምም። የሚፈጸመው ገመድ ይዞ በሜዳ በሚቆም ሕፃን፤ ግልገል ሲያይ እጁን በሚሰበስብ እረኛ፤ ያረጀውን ውሻውን እስከ መጨረሻው በሚያበላ ሽማግሌ ነው። ለቤት እንስሳ ድካምን፤ ለዱር አውሬ ደግሞ ርቀትን መስጠት ሁለቱም ፍቅር ናቸው። ለአንዱ የሚገባውን ለሌላው የሰጠ ሰው ሁለቱንም ይጐዳል፤ ለየአንዳንዱ የሚገባውን የሰጠ ግን ኀዘን በመጣበት ቀን እንኳ የሚጸጸትበት ነገር አይኖረውም።

ጥያቄ።

1. የእጅ ደስታና የዐይን ደስታ የተባሉት ምን ምን ናቸው? የእያንዳንዳቸውስ ኀዘን ምንድር ነው?
2. በጓሳ ቀይ ቀበሮው የጭላዳን ግልገል ባለመንካቱ ምን ይጠቀማል?
3. የመንደር ውሻ በሽታ ወደ ተራራ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?
4. እረኛው ልጅ አንበሴን የደበቀው በክፋት ነውን? ጥፋቱ ምን ነበር? አባቱስ ስለ ምን ጥፋቱን ከልጁ ጋራ ተካፈሉ?
5. ውሻ የነከሰው ሰው አስቀድሞ ምን ማድረግ ይገባዋል?